የምሥራቁ ረድፍ ሲነሣ

ሃዩን ሸለቆ፣ ታዝማኒያ
ጁን 8 ቀን 1986

ለእትዬ ኦቲሊያ፣

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ላምሽም፣ ምድጃሽም፣ ያ የማይሞተው ድመትሽም ደህና ይሁኑልሽ። እኔና ግራሃም ደህና ነን። ፖሙ ተለቅሞ አልቋል። ክረምቱ ገብቷል፤ የባሌ ወገብም እንደ ልማዱ ከሬዲዮው ቀድሞ ነግሮናል።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ልንመጣ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ “በሚመጣው ዓመት” እያልኩ ስሸነግልሽ ኖሬ ዘንድሮ ትኬቱ ተቆረጠ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ዙሪክ እንገባለን። መጀመሪያ አፔንዜል፣ ቬሬና ቤት እናርፋለን። ቬሬናን በፎቶ ታውቂያታለሽ፤ እዚህ አሥር ዓመት ጎረቤቴ ሆና ኖራ ወደ አገሯ የተመለሰችው ናት። ስድሳ ዓመቷን ታከብራለች። ከዚያ ተራራ እንወጣለን። ግራሃም ፎቶ እያየ፣ “ያንቺ አገር ሰው ፍየል ነው እንዴ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ቤት የሚሠራው?” ይለኛል። በመጨረሻም ወደ ሩፈንማት፣ ወደ አንቺ።

እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ሽርሽር ነው። እማዬ ስትሞት ቴሌግራሙ የደረሰኝ ቀብራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። መቃብሯ አጠገብ ቆሜ አንድ ጊዜ “እማዬ፣ መጣሁ” ሳልል መሞት አልፈልግም። የምመጣው ለዚህ ነው።

ያንን ጥርስ የሚሰብረውን ጥቁር ዳቦ አስቀምጪልኝ። እዚህ ያለው ዳቦ ጥጥ ነው።

ታናሽሽ ሌኦኒ


ሩፈንማት፣ ቫሊስ
ጁን 27 ቀን 1986

ለእህቴ ለሌኦኒ፣

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ድመቱም ደህና ነው፤ እሱ ሁላችንንም ይቀብራል።

ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልንገርሽ። ካልረሳሽው፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለው አፈር ለሕያዋንም አይበቃም። የሞተ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ይተኛል፣ ከዚያ ረድፉ ይነሣል። ድንጋዩ ይወጣል፣ አበባው ይነቀላል፣ አጥንቱ እዚያው ከታች ይቀራል፤ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የአያታችን ሲነሣ ልጅ ሆነሽ እጄን ይዘሽ ቆመሻል። ቤተሰቡ ቆሞ ጸልዮ፣ ለሠራተኛው ዳቦና ወይን ሰጥቶ፣ ድንጋዩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዘንድሮ ተራው የምሥራቁ ረድፍ ነው፤ እማዬ ያለችበት። ማስታወቂያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ድርቆሽ እንደገባ፣ ሴፕቴምበር ውስጥ ይነሣል።

ስለዚህ ቀድማችሁ እኛ ጋ ኑ። ቬሬናሽ ስድሳ ከሞላት ስድሳ አንድም ትሞላለች፤ ያኔ ታከብሩላታላችሁ። እማዬን የምናስነሣት ሁለታችን ብቻ ነን። ሌላ ማን ቀረ?

ዳቦው ይኖራል።

ኦቲሊያ


ሃዩን ሸለቆ
ጁላይ 20 ቀን 1986

ለእትዬ ኦቲሊያ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽን አንብቤ ለግራሃም ስተረጉምለት የያዘውን ሹካ አስቀመጠ። “የሰው መቃብር የድንች መደብ ነው እንዴ የሚገለበጠው?” አለኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። አልገባውም፤ እውነቱን ልንገርሽና ለእኔም እንግዳ ሆኖብኛል። እዚህ አገር የሞተ ሰው ድንጋዩ በራሱ እስኪፈርስ ማንም አይነካውም። ግራሃም “ቤተሰብ እንቢ ካለ ማንም መንካት አይችልም፣ እንቢ በያቸው በያት” ይላል።

እትዬ፣ ቬሬና ሰው ጠርታለች፣ በሬ ቀረሽ ድግስ ነው የያዘችው። የተራራ ላይ ማደሪያውም ተይዟል። ቀድመን አንቺ ጋ ብንመጣ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። ሴፕቴምበር 24 ግን ያለ ምንም ጥርጥር ደጅሽ ላይ ነን። እስከዚያ እንዲጠብቁ ለምኝልኝ። የመቃብሩ ሠራተኛ አሁንም ሞሪትዝ አይደል? ያ በትምህርት ቤት ሹሩባሽን ሲጎትት የኖረው? አንቺን እንቢ አይልሽም!

ሌኦኒሽ


ሩፈንማት
ኦገስት 4 ቀን 1986

ለእህቴ ለሌኦኒ፣

ፖማችሁም ወገባችሁም ይባረክ።

የመንደሩ ምክር ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ የእማዬን ይተዉልናል፤ በረዶ ካልቀደመ ነው። ከቀደመ አይጠብቁም፤ መሬቱ ይጠጥራል፣ የሚቆፍረው ሞሪትዝ ብቻውን ነው፣ ወገቡም እንደ ባልሽ ነው። ሰዎቹ ፊት ምን ብዬ እንደለመንኩ አልጽፍልሽም። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም ነበር።

ባልሽን “እንቢ የሚባለው ባለቤት ሲኖር ነው” በይው። ቦታው የሁላችንም ነው፤ በየተራ እንተኛበታለን።

የሌሎቹ ቤተሰቦች ከከተማም ከውጭም እየመጡ ድንጋያቸውን መውሰድ ጀምረዋል። የእማዬ ድንጋይ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ብቻውን ሊቆም ነው።

አሁንም ቀድመሽ ነይ እልሻለሁ። ሆቴል አትያዙ። አልጋሽ አለ። ግራሃም ረጅም ከሆነ እግሩን ወንበር ላይ ያደርጋል።

ኦቲሊያ


አፔንዜል፣ ቬሬና ቤት
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1986

እትዬ ኦቲሊያ፣

እንኳን በአንድ ሰማይ ሥር አገናኘን! አገሬ ገባሁ። ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ግራሃም ሻንጣ የጠፋብኝ መስሎት ፖሊስ ሊጠራ ነበር።

የቬሬናን ድግስ ምን ብዬ ልንገርሽ? የአይቡ ኬክ፣ ትኩስ ቋሊማው፣ በማር የተጋገረው ጣፋጭ ዳቦ፣ ከቅጠላ ቅጠል የሚወጣው አረቄ! ግራሃም አንዱን ብርጭቆ ቀምሶ፣ “ይኼ የሳል መድኃኒት ነው” አለና አምስት ጊዜ አስቀዳ። ቬሬናም፣ “ባልሽ በጠና ታሟል መሰለኝ” ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችው። ትናንት ዜንቲስ ተራራ ወጣን። ግራሃም ጫፉ ላይ ቆሞ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ተራራ ላይና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው።

ማታ የበላነውን ብነግርሽ ትቀኚያለሽ፤ ማካሮኒ ከድንችና ከአይብ ጋር፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ከጎኑ የፖም ወጥ። እማዬ እሁድ እሁድ ትሠራው የነበረው! ሁለት ሳህን በላሁ።

ምናልባት ቅዳሜ 20 እንደርሳለን፤ ከቀኑ ቀድመን! ደስ ይበልሽ።

ሌኦኒ


ሩፈንማት
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1986

ለሌኦኒ፣

እንኳን ደህና ገባችሁ።

ከላይ ያለው ሸንተረር ትናንት ነጭ ሆኖ አደረ። ቅዳሜ እንዳልሽው ነይ። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ማካሮኒውን እኔም እሠራዋለሁ።

ኦቲሊያ


አፔንዜል
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1986

እትዬ፣

ይቅርታሽን አስቀድሚልኝ። ቅዳሜ አይሆንም። ሐሙስ የቬሬና ወንድም ከብቱን ከተራራ ያወርዳል። ላሞቹ አበባ ተጭነው፣ ቃጭላቸው እየጮኸ፣ ሰዉ ነጭ ሸሚዝና ቢጫ ሱሪ ለብሶ። ከዚያ ቀትር ላይ ሁላችን አንድ ገበታ እንቀርባለን፤ ቬሬና ከአሁኑ ሁለት በግ አዘጋጅታለች። ግራሃምም እንደ ልጅ ጓጉቷል፣ ጥለን ብንሄድ ቅር ይለዋል። አርብና ቅዳሜ እናርፋለን፣ እግሬ አብጧል። ረቡዕ 24፣ እንደ መጀመሪያው ቃላችን።

አንድ ነገር ከተፈጠረ የቬሬናን ስልክ ከላይ ጽፌዋለሁ። ከፖስታ ቤቱ ደውይልኝ፣ በሚቀጥለው ባቡር እመጣለሁ።

እወድሻለሁ።
ሌኦኒ


ሩፈንማት
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1986

ለሌኦኒ፣

አትቸኩሉ። እግርሽን አሳርፊ። ለቬሬና ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ኦቲሊያ


ሃዩን ሸለቆ
ኖቬምበር 9 ቀን 1986

ኦቲሊያ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም፤ ጤናሽን አይቼው መጥቻለሁ። ይህንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ያን ረቡዕ ከአውቶቡስ ስንወርድ ደጅሽ ላይ ቆመሽ ነበር። ሳምሽኝ። አልጋዬን አንጥፈሽ፣ ማካሮኒውን ሠርተሽ ጠበቅሽን። “እማዬ ጋ አሁኑኑ እንሂድ” ብልሽ፣ “ደክሞሻል፣ ብዪ” አልሽኝ። በላሁ። ግራሃም በምልክት ሲያመሰግንሽ ሳህኑን ደገምሽለት። አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሌሊቱን ከግድግዳው ወዲያ ስትገላበጪ እየሰማሁ፣ “እህቴ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣች” አልኩ። እንዲህ ያለች ጅል ነኝ።

ጠዋት ላምሽን ለማለብ ስትወጪ ግራሃምን ይዤ ሄድኩ። የምሥራቁ ረድፍ ባዶ ነበር። አፈሩ ተደልድሏል፣ የሣር ዘር ተበትኗል፣ ወፍ እንዳይለቅመው ክር ተወጥሯል። የቱ ጋ እንደነበረች እንኳ አላወቅሁም። ሞሪትዝ መሬቱን ሊቧጥጥ መጣ። አርጅቷል። ስሜን ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ።

“በረዶው ነው?” አልኩት።

“የምን በረዶ? በማግስቱ ቀለጠ እኮ። እኔማ ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። ‘ኦቲሊያ፣ ረቡዕ ይመጣሉ ካልሽ እስከ ረቡዕ ልተወው፣ እኔን አይገደኝም’ አልኳት።”

“ምን አለችህ?”

“‘አንሣው’ አለችኝ።” ከዚያ ፊቴን አየና፣ “አልነገረችሽም እንዴ?” አለ።

“መቼ ነው የጠየቅሃት?”

“ሐሙስ። ቀትር ላይ።”

ግራሃም “ምን አለሽ? ምን አለሽ?” እያለ እጄን ይጎትተኛል። ለባሌ ይህን በእንግሊዝኛ መተርጎም ነበረብኝ። ሊያምነኝ አልፈለገም። “ቃሉን ተሳስተሽ ይሆናል” አለኝ። እኔም ተሳስቼ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ቤት ተመልሼ የጮህኩትን ታውቂዋለሽ። አንቺ ወተቱን ማጥለል አላቆምሽም። ያን ሐሙስ ነው “አትቸኩሉ” ብለሽ የጻፍሽልኝ፤ ቀኑን በገዛ እጅሽ ከላይ ጽፈሽዋል። ስልክ ቁጥሩ እጅሽ ላይ ነበር። ፖስታ ቤቱ ከደጅሽ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀውን ነገር ስድስት ቀን ልትጨምሪልኝ አቃተሽ?

ለምን? ይህንን ብቻ መልሺልኝ።

ሌኦኒ


ሩፈንማት
ዲሴምበር 14 ቀን 1986

ለሌኦኒ፣

“እትዬ”ን ማንሣትሽን አይቻለሁ። ይሁን።

ጠይቀሻል፤ ስሚ። ያን ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤሽ ደረሰ። ላሞቹን አነበብኩ፣ አበባውን አነበብኩ፣ ሁለቱን በግ አነበብኩ። ደብዳቤው ገበታው ላይ እንዳለ ሞሪትዝ መጣ። “ልጠብቅ ወይ?” አለኝ። ሰዓቱን አየሁ። ቀትር ነበር። ገበታ ቀርባችኋል ማለት ነው። “ማንን ነው የምትጠብቀው? አንሣው” አልኩት።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እማዬ አምስት ዓመት ኖረች። አምስቱንም ዓመት አውቶቡሱ ሲደርስ የያዘችውን ትታ መስኮቱ ጋ ትቆም ነበር። “ከታዝማኒያ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ይጽፋል፣ እማዬ” ስላት፣ “ልታስደንቀን ፈልጋ ይሆናል” ትለኝ ነበር። እያጠብኳት፣ እያጎረስኳት፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ሊነጋጋ ሲል የሞተች ዕለት የመጨረሻ ቃሏ የኔ ስም አልነበረም። ይህን ሃያ አምስት ዓመት አልነገርኩሽም፤ እንዳይከብድሽ ብዬ። አሁን ይክበድሽ።

ከዚያ መሬት ውስጥም ጠበቀችሽ። ይበቃታል አልኩ።

“የምመጣው ለዚህ ነው” ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ለመጣሽበት ነገር ከድግሱ፣ ከተራራው፣ ከአይቡ፣ ከላሙ ቀጥሎ ተራ ሰጠሽው። ሰው የሚፈልገውን ነገር መጨረሻ ላይ አያደርግም፤ የሚፈራውን ነው። የፈራሽው ይገባኛል። እኔ ግን አፈር ገፍቼ፣ አበባ ተክዬ ሃያ አምስት ዓመት ሳልፈራ ተመላለስኩ። አንድ ጊዜ ቀድመሽ ነይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለእናት ሰው ስንት ጊዜ ይለመናል?

ስትነሣ ብቻዬን ነበርኩ። “አባታችን ሆይ”ን የደገምነው እኔና ሞሪትዝ ነን። ያን ላንቺ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ወይኑን አብረን ጠጣን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያንቺን ጩኸት ደግሞ በሳምንቱ ሰማሁ።

ኦቲሊያ


ሃዩን ሸለቆ
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987

ኦቲሊያ፣

እማዬ መስኮቱ ጋ ስለመቆሟ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ፖሙ ደርሷል፤ ግራሃም ብቻውን ከሠራተኞቹ ጋር እየለቀመ ነው። ሻይ አፍልቶ አጠገቤ አስቀምጦ ይሄዳል።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ፈርቼ ነው። ቬሬና ቤት እያንዳንዷን ቀን፣ “ዛሬ ብቻ” እያልኩ በልቼ እስቅ ነበር። የበላሁትን የጻፍኩልሽ ደህና የሆንኩ እንዲመስልሽ ነው።

አሁን ግን አንቺም ያንቺን ስሚ። ደውለሽ ቢሆን ኖሮ ገበታውን ረግጬ እመጣ ነበር። ታውቂዋለሽ። ያልደወልሽው ስለምታውቂው ነው። ያን ቀን ብደርስልሽ፣ አጠገብሽ ቆሜ ባለቅስ፣ ሠላሳ ዓመት የያዝሽብኝን ነገር ይዘሽ የት ትገቢ ነበር? ይቅር ልትዪኝ ነበር። እሱን ፈራሽ። እኔ መቃብሯን ፈራሁ፣ አንቺ እኔን። የማን ፍርሃት እናታችንን እንዳስነሣት እግዚአብሔር ይፍረድ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ድንጋዩን ስጪኝ። ግራሃም በመርከብ እናስመጣዋለን ብሏል። ፖሙ መሃል አቆመዋለሁ። እዚህ ማንም አያነሣውም።

ሌኦኒ


ሩፈንማት
ጁን 21 ቀን 1987

ለእህቴ ለሌኦኒ፣

መልሱ ዘገየ። ድርቆሹ አይደለም ያዘገየኝ፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ያን ሐሙስ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ስልኩን አንሥቼ ቁጥሩን እስከ ግማሽ ደወልኩ። እንደምትመጪ አውቅ ነበር። ዘጋሁት። ያልሽው ልክ ነው፣ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

ድንጋዩ የለም። ሞሪትዝ “ቤትሽ ላድርስልሽ ወይስ ልስበረው?” ሲለኝ፣ “ስበረው” አልኩት። ተናድጄ ነበር። ጠጠር ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ምንጩ ባለው መንገድ ላይ ተነጥፏል። እሁድ እሁድ በሣሩ በኩል አልፋለሁ።

በፋሲካ ማግስት የአይብ ሠሪው ሚስት ክሬሰንዝ ሞተች። አዲሱ ረድፍ ከእማዬ ቦታ ስለሚጀምር እዚያ ገባች። እማዬ በሕይወቷ ከክሬሰንዝ አጠገብ ላለመቀመጥ ስትል ቆማ የምታስቀድስ ሴት ነበረች፤ አሁን ላይዋ ላይ አስተኟት።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አበባና ውኃ ይዤ እግሬ በራሱ ወሰደኝ። ጎንበስ ብዬ አረም እየነቀልኩ ቀና ስል የክሬሰንዝ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ “እቴቴ ኦቲሊያ፣ እናቴን ይህን ያህል ትወጂያት ኖሯል? እኛ ልጆቿ እንኳ ሥራ ይዞን አልመጣንም” አለኝ። ምን ልበለው? “አይዞህ፣ እኔ አለሁ” አልኩት።

አሁን መቃብሩን ለእኔ ትተውልኛል። ገናም ላይ ስለዚህ አይብ ይልኩልኛል መሰለኝ። በየቅዳሜው ሄጄ የክሬሰንዝን አበባ አጠጣለሁ። ሌላ የምሄድበት የለኝም፣ ሌኦኒ።

እህትሽ ኦቲሊያ